ጋሪና ተሳቢ ከመጫናቸው በፊት የመጎተቻቸው ከፍታ ይለካ

በማረቆ ምድር ክረምቱ ወጥቶ በርበሬው መቅላት ሲጀምር፣ ከማሳ ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ ቆሼ ገበያ የሚወስዱት መንገዶች በጭነት ይጨናነቃሉ። አህያ የሚጎትተው ጋሪ፣ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ፣ አልፎ አልፎም ትራክተር የሚጎትተው ተሳቢ በአንዱ አቧራማ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ሦስቱም በመጠን፣ በዋጋና በፍጥነት የተለያዩ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም ጎታቹና ተጎታቹ የሚገናኙበት አንድ ነጥብ ያላቸው መሆኑ ነው። ይህ ነጥብ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ለክቶ የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አይደለም።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጋሪው ይታሰራል፣ የተሳቢው ፔርኖ ይገባል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ የአህያ ጀርባ ገጣባ እንዲሆን፣ የጋሪ ዘንግ እንዲሰበር፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ትራክተር ፊቱን አንሥቶ ወደ ኋላ በነጂው ላይ እንዲገለበጥ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ የዚሁ ነጥብ ከፍታ መዛባት ነው። የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ትራክተር ሲያስመጡ፣ ተሳቢ ሲከራዩ ወይም ጋሪ ሲያሠሩ ስለ ዋጋው ብዙ ይነጋገራሉ። ስለ መጎተቻው ከፍታም ጥቂት ቢነጋገሩ የሚጠቅማቸው ስለዚህ ነው።

ቆሼ የማረቆ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ወረዳው ቀደም ሲል በጉራጌ ዞን ሥር የነበረ ሲሆን፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ልዩ ወረዳ ለመሆን በቅቷል። በርበሬው በአገር የታወቀ ነው። ማረቆ ፋና የተባለው የበርበሬ ዝርያ እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። ታዲያ በርበሬ ለጭነት ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። የደረቀ በርበሬ ቀላል ሆኖ ቦታ ይፈጃል፤ በመሆኑም ጆንያው በጆንያ ላይ እየተነባበረ ከጋሪው ወይም ከተሳቢው አልጋ በላይ ከፍ ብሎ ይከመራል። የጭነቱ ክብደት ያረፈበት መካከል ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የመጎተቻው መዛባት የሚያስከትለው ጉዳት ይጨምራል። በቆሎና ጤፍ ሲጫን ብዙም የማይታወቀው ስሕተት በበርበሬ ጊዜ የሚጋለጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

ገበሬው የነገሩን መሠረት ከእርሻው ያውቀዋል። ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር የሚታሰርበት ምራን ሲያጥርና ሲረዝም ማረሻው እንደሚጠልቅ ወይም እንደሚንሳፈፍ ማንም አራሽ መምህር ሳያሻው ያስተካክለዋል። ቁመታቸው የማይመጣጠን በሬዎች ሲጠመዱም ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብልና አንደኛው በሬ ያለ ልኩ እንደሚደክም ያውቃል። ጉልበት ከየትኛው ከፍታ እንደሚጎተት የሥራውን መልክ ይወስናል። ይኸው እውቀት ወደ ጋሪውና ወደ ተሳቢው ሲመጣ ግን የሚረሳበት ጊዜ አለ።

የጋሪው ዘንግና የአህያዋ ጀርባ

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት በዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። የአገራችን አህያ ቁመቷ ከመሬት እስከ ትከሻዋ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈረስ ደግሞ ከዚህ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ሊበልጥ ይችላል። ለፈረስ የተሠራ ጋሪ በአህያ ሲጎተት፣ ለአህያ የተሠራውም ለፈረስ ሲታሰር የሚታየው ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ልዩነት ነው። ጋሪ በውሰት የሚሠራበት፣ ፈረሱ ሲታመም ጎረቤት አህያውን የሚያውስበት አገር ስለሆነ ይህ በየዕለቱ የሚያጋጥም ነገር ነው።

በዚህ አካባቢ የሚታየው ጋሪ በአብዛኛው ከአሮጌ መኪና በተገኘ አክስልና ጎማ ላይ የተሠራ፣ ሁለት ጎማና ሁለት ረጃጅም ዘንግ ያለው ነው። ሁለት ጎማ ብቻ ስላለው ሚዛኑን የሚጠብቀው እንስሳው ነው። ጭነቱ በአክስሉ ላይ በትክክል ካረፈ እንስሳው የሚጎትት ብቻ ይሆናል። ጭነቱ ወደ ፊት ካደላ ግን እንስሳው ከመጎተቱ ሌላ መሸከምም ይኖርበታል። ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ ዘንጎቹ ወደ ላይ ይነሡና የሆዱ ቀበቶ ያንቀዋል፤ ዳገት ላይም ጭርሱን ከመሬት ሊያነሣው ይደርሳል።

ይህ በቁጥር ቢታይ ይበልጥ ይገባል። አራት ኩንታል የተጫነበት ጋሪ አለ እንበል። ከአክስሉ እስከ አህያዋ ኮርቻ ያለው ርቀት 180 ሳንቲ ሜትር ነው። የጭነቱ መካከል ከአክስሉ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ቢያልፍ፣ በአህያዋ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ክብደት 22 ኪሎ ይሆናል። 20 ሳንቲ ሜትር ካለፈ 44 ኪሎ ይደርሳል። ይህም አንዲት አህያ ጋሪ ሳትጎትት በጀርባዋ ብቻ ከምትሸከመው ጭነት የማይተናነስ ነው።

የዘንጉ ከፍታ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ ከኮርቻው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ሊሆን ከሚገባው 18 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፣ የጋሪው አልጋ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ያዘነብላል። የጭነቱ መካከል ከአክስሉ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ፣ በዚህ ማዘንበል ብቻ ክብደቱ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሸሻል፤ 13 ኪሎም በአህያዋ ጀርባ ላይ ይጨመራል። በሌላ አነጋገር፣ ዘንጓ ዝቅ ብሎ የታሰረባት አህያ በሜዳ ላይ እየሄደች ሳለ ሁልጊዜ ቁልቁለት እንደምትወርድ ያህል ናት። እውነተኛው ቁልቁለት ሲመጣ ሌላ 13 ኪሎ ይጨመርባታል። በርበሬው ተከምሮ የጭነቱ መካከል አንድ ሜትር ቢደርስ ደግሞ ቁጥሩ በዚያው ልክ ያድጋል። ኮርቻው ሥር ያለው ጨርቅ ቀጭን ከሆነ የሚከተለው ገጣባ ነው፤ ገጣባ የያዛት አህያ በገበያው ወራት ከሥራ ውጭ ሆና ትሰነብታለች።

ትክክለኛውን ከፍታ ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። ጋሪው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይቁምና ይጫን። አህያዋ ታጥቃ ቀጥ ብላ ስትቆም የጋሪው አልጋ ከመሬቱ እኩል መዘርጋት አለበት፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማዘንበል የለበትም። ትንሽ ፊቱን ቀና ቢል ጉዳት የለውም፤ ወደ ታች መድፋቱ ግን የከፋ ነው። አልጋው ላይ ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ አጋድሞ ማየት ይቻላል። የውሃው ፊት ከጠርሙሱ ጎን ጋር እኩል ከሄደ ጋሪው ተስተካክሏል ማለት ነው። ግንበኛ ያለበት መንደር ከሆነ ውሃ ልክ መዋስ ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚደረገው ሙከራ የሚዛን ነው። አህያዋ ሳትገባ ባለጋሪው የተጫነውን ጋሪ ዘንግ ጫፍ ይዞ በአንድ እጁ ያንሣ። በአንድ እጅ ከተነሣ፣ ሲለቀቅም ወደ ላይ ሳይፈናጠር በዝግታ ወደ መሬት ከወረደ ጭነቱ በቦታው ነው። ሁለት እጅ ካስፈለገ ጆንያዎቹ ወደ ኋላ ይገፉ።

አልጋው ሳይስተካከል ሲቀር መፍትሔው ሁለት ነው። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ዘንጉን ከኮርቻው ጋር የሚያያይዘውን ጠፍር ማሳጠር ወይም ማስረዘም ይበቃል፤ ስለዚህ ጠፍሩ ሦስት አራት ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ልዩነቱ ከአንድ ስንዝር በላይ ከሆነ ግን በጠፍር የሚደረገው ማስተካከል ልጓሙንና የደረት ማሰሪያውን ያዛባል። ያን ጊዜ በአክስሉና በጋሪው አልጋ መካከል ጣውላ አስገብቶ በቡሎን ማሰር፣ ወይም ያለውን ጣውላ ማውጣት ነው። ይህን ማንኛውም ጋሪ ሠሪ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአርሲ ይሠራ የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለትም ካዱ፣ የተሻሻሉ ጋሪዎችንና የእርሻ መሣሪያዎችን ሲሞክር ከቆየ ወዲህ ብዙ ዓይነት ጋሪ በአገሪቱ ተሠርቷል። ይሁን እንጂ እንስሳውን ለክቶ ጋሪውን የሚሠራ ባለሙያ ዛሬም ብርቅ ነው፤ ጋሪው አስቀድሞ ይሠራና እንስሳው እንዲለምደው ይደረጋል።

ትራክተሩ ፊቱን የሚያነሣው ለምንድን ነው?

አህያ ሲበዛባት ትቆማለች። ትራክተር ግን አይቆምም። ስሕተቱ ገጣባ አምጥቶ የሚያበቃ ሳይሆን ሰው የሚገድል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ትራክተር ሲጎትት የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ ተሳቢው ደግሞ መጎተቻውን ይዞ ወደ ኋላ ይስባል። መጎተቻው ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ይህ መሳብ ትራክተሩን በኋላ ጎማዎቹ ላይ ሊያዞረው ይሞክራል፤ የፊቱን ጎማ የሚያቀለውም ይኸው ነው። መጎተቻው ከመሬት የራቀበት ልክ ለዚህ ማዞር እንደ መፈንቀያ ያገለግላል። መፈንቀያው ሲረዝም ድንጋዩ በቀላሉ እንደሚነሣ ሁሉ፣ መጎተቻው ከፍ ሲል የትራክተሩ ፊት በቀላሉ ይነሣል።

እዚህም ቁጥር ይረዳል። ክብደቱ 34 ኩንታል የሆነ ትራክተር ይወሰድ። ከዚህ ውስጥ 11 ኩንታሉ በፊት ጎማዎቹ ላይ ያረፈ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 225 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ትራክተር 40 ኩንታል የሚመዝን ተሳቢ ለስላሳ መሬት ላይ ዳገት ሲያወጣ ስድስት ኩንታል ያህል ጉልበት ይጠይቀዋል። መጎተቻው ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ከፊት ጎማው ላይ 120 ኪሎ ይቀነሳል። 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ 240 ኪሎ ይቀነሳል። እስከዚህ ድረስ ትራክተሩ አይገለበጥም፤ ነጂውም ምንም አይሰማውም። አደገኛው ነገር ነጂው እንዲህ ሆኖ ዓመት ሙሉ ያለ ችግር ሊሠራ መቻሉ ነው።

አንድ ቀን ግን የተሳቢው ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ይያዛል። ተሳቢው አንድ አክስል ብቻ ያለው ከሆነ ከጭነቱ አሥር ኩንታል ያህሉ በትራክተሩ መጎተቻ ላይ ሊያርፍ ይችላል። መጎተቻው ከኋላው አክስል 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የወጣ ከሆነ ይህ ክብደት ብቻውን ከፊት ጎማው ላይ ሦስት ኩንታል ተኩል ይቀንሳል። ከመቶ አሥር የሆነው ዳገት አንድ ኩንታል ከሃያ ኪሎ ይጨምራል። ነጂው ነዳጁን ሰጥቶ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ሲለቅ የመጎተቱ ጉልበት ወደ 20 ኩንታል ይወጣል። መጎተቻው 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ይህ ስምንት ኩንታል ይወስዳል። ሲደመር 12 ኩንታል ከ70 ኪሎ ነው። በፊት ጎማው ላይ የነበረው ግን 11 ኩንታል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትራክተሩ ይነሣል። መጎተቻው 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ያው መሳብ አራት ኩንታል ብቻ ይወስድ ስለነበር ድምሩ 8 ኩንታል ከ70 ኪሎ ሆኖ የፊት ጎማው ከመሬት አይለቅም ነበር።

ሌላም ልዩነት አለ። ዝቅ ብሎ የተያያዘ መጎተቻ የትራክተሩ ፊት መነሣት ሲጀምር እሱ ወደ መሬት ይወርዳል፤ መፈንቀያውም እያጠረ ስለሚሄድ መነሣቱ ራሱን የማቆም ዕድል ያገኛል። ከአክስሉ በላይ የተያያዘው ግን ይህን ዕድል አይሰጥም። ወደ ኋላ የሚገለበጥ ትራክተር ሊመለስ ከማይችልበት ደረጃ የሚደርሰው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ጨርሶ ለመገልበጥም አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ይበቃዋል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሪሲዮኑ እስኪያደርስ ነገሩ አልቋል። ስለዚህ በብልሃት ነጂ መተማመን መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው የሚገኘው ትራክተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ መጎተቻው በሚታሰርበት ሰዓት ነው።

በዚህም ላይ መሪው አለ። የፊት ጎማ ከመሬት ባይለቅም እንኳ ከቀለለ መሪው አይታዘዝም። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ልክ፣ ከትራክተሩ ጠቅላላ ክብደት ቢያንስ አምስት አንዱ በፊት ጎማዎቹ ላይ መቅረት አለበት የሚል ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መጎተቻው በትክክለኛው ከፍታ ላይ ቢሆንም የቀረው ሁለት ኩንታል ከሠላሳ ኪሎ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ትራክተሩን ከመገልበጥ ያድነዋል እንጂ ለመሪ አይበቃም። ስለዚህ የተያዘ ተሳቢ በጉልበት ከማስወጣት ይልቅ ጭነቱን ማውረድ ወይም የጎማውን ፊት መቆፈር ይገባል። በርበሬ የጫነ ተሳቢ ማራገፍ የሚወስደው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

የት ይታሰር?

ትራክተሮች ሲሠሩ መጎተቻቸው ከኋላ አክስል መካከል በታች እንዲሆን ተደርጎ ነው። ከሥር የሚወጣው ጠፍጣፋ ብረት በአብዛኛው ትራክተሮች ላይ ከሰው ጉልበት የማይበልጥ ከፍታ አለው። አንዳንዶቹ ከዚህ ሌላ ከፍ ያለ ሁለተኛ መጎተቻ አላቸው። እሱም ለተሠራለት ዓይነት ተሳቢና በትራክተሩ መመሪያ ለተፈቀደለት ክብደት ብቻ የሚያገለግል ነው። ማናቸውም ተሳቢ ግን በምንም ምክንያት በሦስት ነጥብ ማያያዣው የላይኛው ክንድ ላይ፣ በአክስሉ አካል ላይ ወይም በመቀመጫው ብረት ላይ በካቴና ሊታሰር አይገባም። የተያዘ መኪና ለማውጣት ሲባል ካቴናውን ከተገኘው ብረት ጋር ማሰር በገጠር የተለመደ ነው፤ ትራክተር ከሚገለበጥባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይህ ነው። ማረሻ በሚታሰርባቸው ሁለቱ የታችኛው ክንዶች መካከል ባለው ዘንግ ተሳቢ መጎተትም አይመከርም። ክንዶቹ በሃይድሮሊክ ስለሚነሡ፣ ማንሻው በስሕተት ሲነካ መጎተቻው ነጂው ሳያውቅ ከፍ ይላል።

በአገራችን ችግሩን የሚያባብሰው የትራክተሩ ዓይነት መብዛት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ናዝሬት ላይ የተቋቋመው ፋብሪካ የሶቪየት ኅብረትን ቤላሩስ ይገጣጥም ነበር። ማሴ ፈርጉሰን ከዚያ በፊትም የታወቀ ነው፤ ከዚያ ወዲህም የሌሎች አገሮች ትራክተሮች ገብተዋል። ተሳቢው ከአንዱ ጋር ተገዝቶ ከሌላው ጋር ይሠራል፤ ወይም በከተማ ብየዳ ቤት የማንም ልክ ሳይወሰድ ይሠራል። ውጤቱም ከፊት ቀና ያለ ወይም የተደፋ ተሳቢ ነው። የተደፋው በመጎተቻው ላይ ከልክ ያለፈ ክብደት ይጥላል። ቀና ያለው ደግሞ ጭነቱን ወደ ኋላ ያሸሻል፤ መጎተቻውንም ወደ ላይ ስለሚስበው የትራክተሩ የኋላ ጎማ ይቀልና ይሽከረከራል። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ይወላወላል።

ልኩን ለመውሰድ ትራክተሩና ተሳቢው ጠፍጣፋና ጠንካራ መሬት ላይ ይቁሙ። የሁሉም ጎማ አየር መጀመሪያ ይስተካከል። አየሩ የጎደለ ጎማ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ሊቀንስ ስለሚችል ከዚህ በኋላ የሚወሰደውን ልክ ሁሉ ያበላሻል። ከዚያም ተሳቢው እንደ ወትሮው ይጫን። ባዶውን የተለካ ተሳቢ ሲጫን ባልስትራው ይተኛል፣ ጎማውም ይረግጣል፤ ልኩም ይለወጣል። የተሳቢው ጎማ በድንጋይ ከተደገፈ በኋላ የፊቱ በክሪክ ይነሣና አልጋው በውሃ ልክ እኩል ሲሆን ይቆማል። በዚህ ጊዜ ከመሬት እስከ ተሳቢው ቀለበት መካከል ያለው ከፍታ ይለካል። ቀጥሎ ከመሬት እስከ ትራክተሩ መጎተቻ ይለካል። ሁለቱ ልክ ከተገናኙ ሥራው ተጠናቋል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢለያዩ ችግር የለውም። ከአንድ ስንዝር በላይ ከተለያዩ ግን መስተካከል አለበት።

የሚስተካከለው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ በብዙ ቦታ በተገላቢጦሽ ይመለሳል። ትራክተሩን ማስነሣት ይቀላል ተብሎ በመጎተቻው ላይ ብረት ይበየዳል። ይህ ትክክል አይደለም። የሚለወጠው የተሳቢው ቀለበት ነው። የተሳቢው ፊት ላይ በቁመት ብዙ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ላሜራ ተሠርቶለት ቀለበቱ በቡሎን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዛወር ከሆነ ለማንኛውም ትራክተር ይስማማል። አንዳንድ ትራክተር ላይ መጎተቻው ራሱ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ተገልብጦ ሲገባ ከፍታው ይለወጣል፤ ይህ ፋብሪካው የፈቀደው ስለሆነ ይቻላል። ተሳቢው የራሱ ኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ ያለው መሣሪያ ከሆነ ግን መጎተቻው ሲገለበጥ ዘንጉን እንዳይነካው መታየት አለበት።

አራት ጎማ ያለው፣ ፊቱ ከመሪ ጋር የሚዞር ተሳቢ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። የመጎተቻ ዘንጉ በማጠፊያ ስለታሰረ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በትራክተሩ ላይም ክብደት አይጥልም። ከፍ ብሎ ከታሰረ የሚያስከትለው አደጋ ግን ያው ነው።

ፒክአፕ መኪናዎች የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና ትንንሽ ተሳቢ የሚጎትቱበት ኳስ መሳይ መጎተቻም በዚሁ ሕግ የሚተዳደር ነው። በአውሮፓ መንገደኞች ተጎታች ቤት ከቤት መኪና ጋር አያይዘው የሚጓዙበት ልማድ ስለ ተስፋፋ ለከፍታው ደንብ ወጥቶለታል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ መካከሉ፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ሳለ፣ ከመሬት ከ35 እስከ 42 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚህ ደንብ ውስጥ ለገጠር የሚጠቅመው ቁጥሩ ሳይሆን «ተጭኖ ሳለ» የሚለው ቃል ነው። አገር አቋራጭ መኪናዎች ከዚህ ከፍ ስለሚሉ ለነሱ የሚሠራው ተሳቢ ፊቱ እንደ መኪናው መስተካከል ይኖርበታል። ኳሱና የሚገጠመው ዋንጫ ልካቸው አንድ መሆኑም ይታይ። የአሜሪካውያኑ ልክ በኢንች ነው፤ ሁለት ኢንቹ ከ50 ሚሊ ሜትሩ በጥቂት ይበልጣል እንጂ አንድ አይደለም። ሰፊ ዋንጫ በጠባብ ኳስ ላይ ሲጣል የገባ ይመስላል፤ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ግን ይወጣል።

ከከፍታው ጋር አብረው የሚታዩ ጥቂት ነገሮች አሉ። ፔርኖው ለመጎተቻው ቀዳዳ የሚመጥን ይሁን፤ በአርማታ ብረት ቁራጭ የተተካ ፔርኖ ቀስ በቀስ እየታጠፈ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከሥሩ ኮፒሊያ ይግባበት፤ ሽቦ አይበቃም። ከፔርኖው ሌላ ትራክተሩንና ተሳቢውን የሚያያይዝ የመጠባበቂያ ካቴና ይኑር፤ እሱም ከመጎተቻው ዝቅ ባለ ቦታ ይታሰር እንጂ ከፍ ካለ ብረት ጋር አይታሰር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በተሳቢው መጎተቻ ዘንግ ላይ ሰው እንዳይሳፈር ማኅበሩ ይከልክል። ሕፃናት ትራክተር ሲያልፍ ሮጠው የሚንጠለጠሉት እዚያ ነው፤ ከዚያ የወደቀ ሕፃን የሚጠብቀው የተሳቢው ጎማ ነው። ይህንን ለነጂው ብቻ መተው አይገባም። ነጂው ወደ ፊት ስለሚያይ የኋላውን አያየውም።

ተሳቢ የሚያከራይ ሰው ሲመጣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይም የንብረት ኃላፊው ስለ ኪራዩ ከመስማማቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው። ተሳቢው ስንት አክስል አለው? ቀለበቱ ሲጫን ከመሬት ስንት ይሆናል? ትራክተሩ የፊት ክብደት አለው ወይ? ባለ ተሳቢው መልሱን የማያውቅ ከሆነ ሜትር አምጥቶ አብሮ መለካት ነው። ይህን ማድረግ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ማንንም አያስቀይምም። ከሚቀየመውም ጋር ቢሆን ከመሥራቱ አለመሥራቱ ይመረጣል።

የራሱ ትራክተርና ተሳቢ ላለው ማኅበር ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ልኩ አንድ ጊዜ በትክክል ከተወሰደ በኋላ አንድ ቀጥ ያለ ደረቅ ዘንግ ይቆረጣል። በዘንጉ ላይ የመጎተቻው ትክክለኛ ከፍታ በቢላዋ ይቀረጻል፤ ከጭረቱ በላይና በታች ሁለት ጣት ያህል ቀይ ቀለም ይቀባል። ነጂው ጭነት ከጫነ በኋላ ዘንጉን ከመጎተቻው አጠገብ አቁሞ ያያል። መጎተቻው ቀዩ ውስጥ ከሆነ ይንቀሳቀሳል፤ ከቀዩ ከወጣ ወርዶ ምክንያቱን ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የጎማ አየር ወይም የተበላ ቀለበት ሆኖ ይገኛል። ለጋሪ ባለቤቶችም እንዲሁ ለየአህያቸው አንድ አንድ ዘንግ መቁረጥ ይቻላል፤ የአህያዋ ቁመት አይለወጥምና ዘንጉ ዕድሜዋን ሙሉ ያገለግላል። የትራክተሩ ዘንግ ግን ጎማው በአዲስ ሲተካ እንደገና መለካት አለበት። ዘንጉ በመጋዘን ውስጥ ሳይሆን በትራክተሩ ላይ፣ ከክሪኩ ጋር ታስሮ ይቀመጥ።